ከላሊበላ ጎንደር፣ አርባ ሁለት ደቂቃ

ባዕብዳ በሚባል የቤሩት ዳር ሰፈር ያለ ቤት ለሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ስለ አገሬ ጠየቁኝ። ቤሩት ውስጥ ሰው ስለ አገሬ የሚጠይቀኝን ለምጄው ነበር፤ ክርስቲያን ነሽ ወይ፣ ስንት ወንድምና እኅት አለሽ፣ እናንተ ጋ ይበርዳል ወይ። እሳቸው ግን ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ከእናትሽ ቤት የሚቀርበው የአውሮፕላን ማረፊያ የት ነው?» አሉኝ።

«ላሊበላ» አልኳቸው።

«መሬቱ አስፋልት ነው ወይስ አፈር?»

«አፈር ነው።»

«ከቤታችሁ በእግር ስንት ሰዓት ይወስዳል?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። በዚያን ቀን ሌላ አልጠየቁኝም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ፋናር በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ተቀጥሬ ውሌን ጨርሼ ነበር። እዚህኛው ቤት የነበሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ልጅየዋ፣ ማዳሜ፣ ባዳሮ ሰፈር መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ሽማግሌው ሰማንያ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ የበረራ ዕቅድ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ መጀመሪያ አብራሪ መስለውኝ ነበር። አይደሉም፤ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ርቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ነዳጁንና ነፋሱን አስልተው በወረቀት የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። «እሱ ይነዳል፤ የት እንደሚደርስ የማውቀው ግን እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

ቀላል ሰው አልነበሩም። ጢማቸውን የምላጨው እኔ ነኝ፤ ምላጩ ትንሽ ካዘገመ ይቆጣሉ፣ ከፈጠነም ይቆጣሉ። መድኃኒታቸውን በአራት ሰዓት ካልኳቸው አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ መሆኑን ያሳዩኛል። ከቁርስ በኋላ ባልኮን ላይ ጠረጴዛ አወጣላቸዋለሁ። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ የቤሩት አየር ማረፊያና ባሕሩ ከእግር ሥር ነው። ካርታቸውን ዘርግተው፣ በዳር በዳሩ ድንጋይ ጭነውበት፣ ሁለት ማረፊያዎች ይመርጣሉ፤ ሁልጊዜ ትናንሾቹን ነው። ማስመሪያና ኮምፓስ ይዘው ርቀቱን ይለካሉ፣ ሰዓቱን ያወጣሉ፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ምሳ እስኪደርስ ሥራቸው ይኸው ነው። የሚበር ሰው የለም፤ ዕቅዱን የሚጠይቃቸውም የለም።

ማዳሜ አንድ ቀን ጧት ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ፣ «ተያቸው፣ ጨዋታቸው ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ብቻ ኸላስ፣ ይበቃል በያቸውና አስገቢያቸው» አለችኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንዲህ ስንኖር፣ ታኅሣሥ ላይ የወንድሜ ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ ላሊበላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እናታችን ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተሸፍነው ደጃፉን ስታ ወድቃለች፤ ወገቧ ተጎድቶ ከገጠር ወደ እሱ ቤት አምጥቷታል። ጎንደር ቢወስዳት ሞራው እንደሚነሣላት ጤና ጣቢያ ነግረውታል። ችግሩ መንገዱ ነው። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር ታድሮ፣ በማግሥቱ በወረታ ጎንደር። በዚያ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ኮረኮንች ነው። «በዚህ ወገቧ አውቶቡስ ላይ ባስቀምጣት ሳልደርስ ትሞትብኛለች። እስኪሻላት እንጠብቅ» ይላል ደብዳቤው። እስኪሻላት ማለት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ወንድሜ ክፉ ቃል ሲከብደው እንዲህ ነው የሚጽፈው።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ኪሴ ከተትኩትና ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ሽማግሌው ከባልኮን ተጣሩ። ስሄድ ፊቴን አዩትና፣ «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ሽንኩርት ነው ልል ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። ስጨርስ እንደ ሌላ ሰው «አይዞሽ» አላሉም። ካርታውን አጥፈው ሌላ ካርታ ከመሳቢያ አወጡ።

«ጎንደር የአውሮፕላን ማረፊያ አለው?»

«አለው። አዘዞ ይባላል።»

«ነይ፣ ማስመሪያውን ያዢ።»

እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሸተተ ያዝኩት።

«ጣትሽ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ አንሺው» አሉ።

ላሊበላን በአጉሊ መነጽር ፈልገው አገኟት። ከዚያ እስከ ጎንደር ለኩና አሰሉ፤ ስሌቱን እኔም ደግሜ እንድሠራው አደረጉኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ማካፈል አልረሳሁም። ዘጠና ሰባት የአየር ማይል ሆነ። «ትንሽ አውሮፕላን ነው የሚሆነው። ተራራ ስላለ መጀመሪያ ከፍ ይላል። በደረቁ ወራት ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል» አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉ። «አርባ ሁለት ደቂቃ።»

«አርባ ሁለት ደቂቃ ምኑ?» አልኳቸው።

«ከእናትሽ እስከ ሐኪሙ።»

እኔ ያን መንገድ ሳስብ የሚታየኝ ሁለት ቀን ነው፤ አቧራው፣ የአውቶቡሱ ጣራ ላይ የታሰሩት በጎች፣ ደብረ ታቦር የሚታደርበት ክፍል። አውሮፕላን የውጭ አገር ሰዎች ላሊበላን ለማየት የሚመጡበት ነገር ነው። ልጆች ሆነን ድምፁን ስንሰማ እየሮጥን እንወጣ ነበር፤ ከኛ ሰው ማንም ተሳፍሮበት አያውቅም። እናቴን እዚያ ውስጥ አድርጌ ማሰብ አልቻልኩም።

እሑድ አንዲት ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። እሷ ከአሠሪዋ ወጥታ፣ ወረቀት ሳይኖራት፣ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ በየቤቱ በሰዓት የምትሠራ ናት። ስነግራት ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውሃው አላወጣችም።

«ዓይኗ የማያይ አሮጊት አውሮፕላን ላይ ልታሳፍሪ ነው?»

«ወንድሜ አብሯት ይሄዳል።»

«እሱስ ተሳፍሮ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ሁለት ዕውር» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ አፌ ነው። በይ ጻፊላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ከኛ ክፍል አንዷ አገር ትገባለች፤ ፖስታውን እሷ ትይዘዋለች።»

ደብዳቤውን ስጽፍ ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ለወንድሜ የሚነገረውን እሳቸው በዐረብኛ ይሉኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። መሬቱ አፈር ስለሆነ በክረምት አውሮፕላን አያርፍም፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ይሁን። እናትየው ከመነሣታቸው በፊት ብዙ ውሃ አይጠጡ። ጆሯቸው ሲደነቁር ምራቅ ይዋጡ። በክንፉ አጠገብ ይቀመጡ፣ እዚያ መናወጡ ያንሳል። በመጨረሻ «አርባ ሁለት ደቂቃ ነው፣ አይፍሩ በያቸው» አሉ። ይህንንም ጻፍኩት። የቲኬቱን ገንዘብ ከደብዳቤው ጋር አድርጌ ላክሁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። ሽማግሌው በየቀኑ ጧት፣ «ወሬ አለ?» ይሉኛል፤ «የለም» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሬዲዮ ከፍተው አየሩን ያዳምጡ ነበር፤ የቤሩት አየር ላሊበላ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

የወንድሜ መልስ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ወጥ ቤት ቆሜ መጀመሪያ ያነበብኩት እናቴ ማየቷን ነው፤ ቀኝ ዓይኗ ተከፍቷል። ቁጭ አልኩ። ሌላውን ያነበብኩት በኋላ ነው። ከዚያ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ባልኮኑ ወጣሁና መስመር በመስመር ወደ ዐረብኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው።

መጋቢት ላይ ነው የሄዱት። ወንድሜ ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ለምኖ እናታችንን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ድረስ አደረሳት። በዚያ ቀን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ሆኖ አውሮፕላን አላረፈም። በዚያ ወገቧ ከመመላለስ ብለው ሜዳው አጠገብ ካለ ዘመድ ቤት አደሩ። በማግሥቱም ዘነበ። በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ደረቀና ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ ግን ጎንደር አልሄደም፤ መጀመሪያ ባሕር ዳር አረፈ። እናቴ የደረሰች መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ አስተናጋጇ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ሰዎች ወርደው ሰዎች እስኪገቡ ቆይተው ዳግመኛ ተነሡና አዘዞ ደረሱ።

ጨረስኩ። ሽማግሌው ዓይኗን ትተው ዝናቡን ያዙ።

«ዝናብ?» አሉኝ። «በመጋቢት?»

«በልግ ነው። ትንሽ ትንሽ ይዘንባል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

«ከሰኔ በፊት ስል አጠገቤ ተቀምጠሽ እየጻፍሽ ነበር። አገሩ ያንቺ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በልግን የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ በልግ ሲዘንብ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን ያን ቀን እሳቸው ሲያዝዙ ስጽፍ፣ ስለ አየር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ መስለውኝ ነበር። ይህን በዐረብኛ ማስረዳት አቃተኝ። እሳቸው ደብተሩን ዘጉና ክፍላቸው ገቡ። ምሳ አልበላም አሉ።

ማታ ማዳሜ ስትመጣ ምግቡ እንዳለ መሆኑን አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጫማዋን አውልቃ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እንዲህ ቁጭ ብላ አውርታኝ አታውቅም ነበር።

«በጦርነቱ ጊዜ» አለችኝ «አባቴ በበቃ ሸለቆ አንዲት ትንሽ ማረፊያ ተመድቦ ነበር። እናቴ እዚህ ነበረች፣ ኩላሊቷን ታማ። ከዚያ ማረፊያ እስከ ቤሩት በአየር አሥር ደቂቃ ነው። በጸናባት ዕለት ስልክ ደወልንለት። በዚያን ቀን ምንም አውሮፕላን አይነሣም ነበር። በመኪና ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ፣ በሰሜን ዞሮ፣ በየኬላው ቆሞ፣ ሁለት ቀን ፈጀበት። ቀብረናት ነበር የደረሰው።» ከወንበሩ ተነሣች። «ያላ፣ በይ፣ ሾርባውን አሙቂልኝ፣ እኔ አስገባለታለሁ።»

ቁጣቸው በኔ ላይ ብቻ እንዳልነበረ በዚያን ማታ ገባኝ። ቢሆንም በማግሥቱ ጧት ስላጫቸው ከወትሮው ይበልጥ እየተጠነቀቅሁ ነበር። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው፣ ጉንጫቸው አረፋ እንደሆነ፣ «ባሕር ዳር ያልሽው የት ነው?» አሉኝ። ያን ጧት ከላሊበላ ባሕር ዳር ያለውን ለካን። አርባ ሦስት ደቂቃ አሉ። ከባሕር ዳር ጎንደር ሃያ አምስት። የቀድሞውን ዕቅድ በአንድ መስመር ሰረዙትና ከሥሩ አዲሱን ጻፉ። «ሦስት ቀን መጠበቅ» ብለውም ጨመሩበት።

ግንቦት ላይ እናቴን በስልክ አገኘኋት። ሐሳቡ የሽማግሌው ነው። ወንድሜ በደብዳቤ ቀኑን ተቀጣጥሮ ላሊበላ ቴሌ ይዟት መጣ። ማዳሜ ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ብላ ፈቅዳ ነበር። ሽማግሌው ወንበር አስመጥተው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ፤ በጉልበታቸው ላይ ጥያቄ የጻፉበት ወረቀት አለ።

የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጀመሪያ ሁለታችንም «ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ» ከማለት በቀር ምንም አላልንም። ሽማግሌው ክርኔን በእርሳስ ነካ አደረጉኝ።

«እማዬ፣ የምሠራላቸው አባት ይጠይቁሻል። በአውሮፕላኑ ምን ያህል ቆያችሁ ይሉሻል።»

«እኔ ምን ሰዓት አለኝ ልጄ። ከላሊበላ ተነሥተን ባሕር ዳር እስክናርፍ መቁጠሪያዬን አንድ ጊዜ ዞርኩት። ጎማው መሬት ሲነካ መጨረሻው ላይ ነበርኩ።»

«በያንዳንዱ ፍሬ ምን እያልሽ?»

«አቡነ ዘበሰማያት ነዋ። ሌላ ምን እላለሁ፣ እየፈራሁ።»

«ምን አየሽ ይሉሻል።»

«ስሄድ ምኑን አይቼ። ስመለስ ነው እንጂ ያየሁት። ያን ቀን ቀጥታ ነው የመጣነው። ወንዙ እንደ መቀነት ወድቆ አየሁት። ቤቶቹን አየሁ። ሰው ግን አይታይም፤ ከላይ ሆነሽ ስታዪው ሰው የሌለበት አገር ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እሳቸው አማርኛ የሚሰሙ ይመስል። «ሰውዬው ይበላሉ?»

«አንዳንዴ እምቢ ይላሉ።»

«ለስለስ ያለ ነገር አድርጊላቸው። ሽማግሌ ሲርበው ነው የሚቆጣው።»

ብዙ ሳንቆይ ስልኩ ተቋረጠ። ሽማግሌው አብረውኝ አለቀሱ ማለት አልችልም፤ መሐረብ ሰጡኝና እስኪበቃኝ ጠበቁ። ከዚያ መልሱን ጠየቁኝ። መቁጠሪያ ምን እንደሆነ፣ የእናቴ ስልሳ አራት ፍሬ እንዳለው ነገርኳቸው።

«ጸሎቱ አንዱ ስንት ሰከንድ ነው?»

«አላውቅም።»

ሰዓታቸውን አወለቁ። «በይው።»

ሳሎን መካከል ቆሜ አቡነ ዘበሰማያትን አልኩ። ሃያ ስምንት ሰከንድ ሆነ። እናቴ ከኔ ይልቅ ረጋ ብላ እንደምትለው፣ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»ንም እንደምታስከትል ነገርኳቸው። «እንደሷ በይው» አሉ። እንደሷ አልኩት። አርባ ሰከንድ። በስልሳ አራት አባዙት፣ በስልሳ አካፈሉት። አርባ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ደብተራቸው ላይ ለባሕር ዳሩ የጻፉት አርባ ሦስት ነበር። ወረቀቱን አዙረው አሳዩኝ፤ በዚያ ቤት ሳለሁ እንደዚያ ደስ ሲላቸው አላየኋቸውም። ዛሬ ሳስበው ለእሳቸው ብዬ ትንሽ አዝግሜው ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም።

በሚቀጥለው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁና ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። አምስት ወር አስታመምኳቸው። ካርታውን አልጋው ላይ ዘርጊልኝ ይሉኛል፤ መያዝ ሲያቅታቸው እኔ እይዝላቸዋለሁ፤ ቆይተው ይህንንም ተዉት። የሞቱት ጧት ነው፤ ማዳሜም እኔም አጠገባቸው ነበርን። ቤቱ ተሸጠ፤ ማዳሜ ባዳሮ ፎቅ ላይ አንድ ትንሽ ቤት ተከራየች፣ እኔም አብሬያት ገባሁ። በዓመቱ ፓስፖርቴን ከመሳቢያዋ አውጥታ የሦስት ወር ፈቃድ ሰጠችኝ። «ተመለሺ» አለችኝ። «እመለሳለሁ» አልኳት።

ላሊበላ ስደርስ እናቴ ወገቧ ሽሮላት በዱላ ትራመድ ነበር። በቀኝ ዓይኗ ለየችኝ። የግራ ዓይኗ ሞራ ገና አልተነሣላትም፤ በየዓመቱ እሺ እያለች ታስተላልፈዋለች። እኔ ይዣት ልሄድ ተነሣሁ። ቲኬት ልቁረጥ ስላት አልፈልግም አለች።

«በአውቶቡስ እንሂድ።»

«እማዬ፣ ሁለት ቀን ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከሰማይ ላይ ሆነሽ ማንንም አታዪ። አሁን ዓይን አለኝ፣ በመሬት ውሰጂኝ።»

በመሬት ወሰድኳት። በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት፤ ከጋሸና ጀምሮ የማታውቀው አገር ስለሆነ በየመንደሩ ስሙን ትጠይቀኛለች፤ እኔ ሳላውቀው ስቀር ከፊታችን የተቀመጠውን ሰው ትጠይቃለች። ነፋስ መውጫ ላይ ብርድ ሆነባት፤ ጋቢዬን ደረብኩላት። ደብረ ታቦር ያደርንበት ክፍል ቁንጫ ነበረው። በማግሥቱ ወረታ ስንደርስ አቧራው ፊቷን አልብሶት፣ በጎች ይዘው ከተሳፈሩ ሴትዮ ጋር ስለ በግ ዋጋ ትከራከራለች። ጎንደር የገባነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሚቀጥለው ጧት ሐኪሙ ግራ ዓይኗን በባትሪ አይቶ ለሰኞ ቀጠራት።